የጋሽ ፊደል ቤት ሲሸጥ

ታላቅየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ታናሽየዋ ነርስ። እናታቸው በሞተች ጊዜ ታላቅየዋ ገና የሰው ፀጉር ቤት ውስጥ ፎጣ የምታጥብ ልጅ እግር ነበረች፤ ታናሽየዋ ደግሞ የጫማዋን ክር ማሰር እንኳ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ታናሽየዋ ታላቋን «እቴቴ» ትላታለች። ታላቅየዋ ደግሞ ታናሿን፣ ዛሬ መርፌ ይዛ ጎልማሳ ወንድ የምታስለቅስ ሴት ብትሆንም፣ አሁንም «ሚጣ» ነው የምትላት። እኛም እንደዚያው እንበላቸው።

ዕድሜያቸውን የገፉት በኪራይ ቤት ነው። አንዱ አከራይ ልጄን ልድርበት ነው ብሎ አስወጣቸው። አንዷ ቤቱን ላድሰው ነው ብላ አስወጥታ፣ ሳታድሰው ለሌላ ሰው አከራየችው። አንዱ ደግሞ ምክንያት ለመፍጠር እንኳ ሰነፈ፤ ውጡልኝ አለ፣ ወጡለት። በየሄዱበት እቴቴ ትልቁን የፀጉር ቤት መስታወቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትጓዘው። አዲስ ሰፈር በገቡ ቁጥር ደንበኞቿ ግማሾቹ ይቀሩና ሥራውን እንደገና ከሀ ትጀምረዋለች።

በመጨረሻ ባንክ ብድር ፈቀደላቸውና የራሳቸውን ቤት መፈለግ ጀመሩ። ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ የሚመክራቸው ከተማው ዳር ላይ የሚሠሩትን አዳዲስ ሕንፃዎች ነበር። ሁሉ ነገር አዲስ፣ አሳንሰር ያለው፣ ጥበቃ ያለው እያለ። እቴቴ አንዱን ሄዳ አየችው። ከላይኛው ፎቅ በመስኮት ቁልቁል ተመለከተችና፣ «ፀጉሯን ልትቆረጥ እዚህ ድረስ የምትመጣ ሴት እስክትመለስ ፀጉሯ መልሶ ያድጋል» ብላ ወረደች።

እሷ የፈለገችው ከገበያው ጀርባ ያለውን አሮጌ ሰፈር ነው። እዚያ ሰው በእግሩ ይሄዳል። መንገዱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ከመጥበቡ የተነሣ ዝናብ ሲዘንብ ሁለት ጃንጥላ ከተገናኘ አንዱ ከፍ ማለት አለበት። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ስለቆሙ አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ጎረቤቱ ነው። የዛፎቹ ሥር የእግረኛውን መንገድ ወደ ላይ ገፍቶ አጉብጦታል። የእንጨት መስኮቶቹ ቀለማቸው ተልጦ ከሥሩ የድሮው ቀለም ይታያል፤ ከድሮው ሥር ደግሞ ከዚያ የባሰ ድሮ። ሚጣ መጀመሪያ ስታየው ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ሰፈር እኮ ራሱ ታማሚ ይመስላል» አለች። እቴቴ አልሰማቻትም፤ በየደጃፉ የተቀመጡትን ሴቶች ፀጉር እያየች ነበር።

ደላላው ያገኘላቸው ቤት ጠባብ ነው። ከፊት ለፊት ወደ መንገዱ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል አለ፤ ከሱ ኋላ ትንሽ ክፍልና ማድ ቤት፣ ፎቁ ላይ ሁለት መኝታ ቤት፣ ከጀርባ ደግሞ አንድ የሎሚ ዛፍ ብቻ የሚችል ጓሮ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ናቸው። ያኔ ጋዜጣውም መጽሐፉም የሚታተመው ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎች አንድ በአንድ እየተለቀሙ ተደርድረው ነበር፤ እሳቸው በዚያ ሥራ አረጁ። ሰፈሩ «ጋሽ ፊደል» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲቷ ልጃቸው ሌላ ከተማ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ቤቱን ሸጠው እሷ ጋ ሊገቡ ወስነዋል።

ደላላው ሹል ጫማ የሚያደርግ፣ ሁለት ስልክ ባንዴ የሚያወራ ሰው ነው። ቤቱን ሊያሳያቸው የገባ ዕለት ገና ከደጃፉ ጀመረ።

«ይሄ ግድግዳ ማለት ምሽግ ነው እህቴ! ምሽግ!»

«ክረምት ላይ ላብ ያወጣል» አሉ ጋሽ ፊደል ከኋላው።

«ደረጃውን እይው፤ የድሮ እንጨት ነው። ዛሬ በገንዘብ አይገኝም።»

«ይጮሃል» አሉ ጋሽ ፊደል። «ተደብቆ ለመግባትም ለመውጣትም አይመችም። ልጄ ኮረዳ ሳለች እንደዚህ ደረጃ የምትጠላው ነገር አልነበራትም።»

ደላላው ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ ቤቱን እየሸጡ ነው ወይስ እየከሰሱት?»

«ለሚኖርበት ሰው ነው የምነግረው። ነገ መጥታ ለምን አልነገሩኝም እንድትለኝ አልፈልግም።»

እቴቴ ይሄን ጊዜ ፊት ለፊት ባለው ክፍል መሐል ቆማ ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉን አልፎ እስከ ግድግዳው ይደርሳል። ወንበሮቹ የት እንደሚሆኑ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ የት እንደሚቆም፣ የፀጉር መታጠቢያው የት እንደሚገባ በዓይኗ አስቀምጣ ጨርሳለች።

«እዚህ ጋ ውሃ ማስገባት ይቻላል ጋሼ?»

«ቧንቧው በዚህ ግድግዳ ጥግ ነው የሚያልፈው። ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ፀጉር ቤት።»

ጋሽ ፊደል ራሰ በራ ጭንቅላታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እኔን እንደ ደንበኛ አትቁጠሪኝ እንግዲህ።» ሦስቱም ሳቁ፤ ደላላውም ዘግይቶ ሳቀ። ነገሩ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

ሌላ ፈላጊም ነበር። ትልቅ መኪናውን መንገዱ አላስገባ ብሎት ከጥግ አቁሞ በእግሩ የሚመጣ አንድ ነጋዴ የሰፈሩን ቤቶች ተራ በተራ እየጠየቀ ነው፤ ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ ረጅም ሕንፃ ሊያቆምበት። ጋሽ ፊደል ግን ለእቴቴ እጃቸውን ዘርግተው «ቃሌ ካንቺ ጋ ነው» አሏት። እሷም አመነች። የሚኖሩበትን ቤት እንደሚለቁ ለአከራያቸው ነገሩ፤ አከራዩም ጊዜ አላጠፋም፣ ለሌላ ሰው ሰጠው። አዲሶቹ ተከራዮች መጥተው መስኮቱን ለመጋረጃ ለክተው ሄዱ።

ውል የሚፈራረሙበት ጠዋት እቴቴ ሠርግ ሲጠሯት ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ሚጣ ከሆስፒታል ፈቃድ ወስዳለች። የውል ቢሮው ውስጥ ረጅም አግዳሚ ላይ ሻጭና ገዢ ጎን ለጎን ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እነሱ ጎን ግን ሻጩ የለም። ተራቸው ተጠራ፤ ለሚቀጥሉት ለቀቁ። እንደገና ተጠራ፤ እንደገና ለቀቁ። ሚጣ ስልክ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም።

«መንገድ ላይ ይሆናሉ» አለች።

«ከቤታቸው እዚህ ድረስ እኮ የእግር መንገድ ነው። ኤሊ ቢሆኑ እንኳ ደርሰዋል።»

ደላላው ወጣ ብሎ ስልክ ሲያወራ ቆየና ፊቱን አጥቁሮ ገባ። አጠገባቸው ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ እንዳትደነግጪ። ያ ባለመኪናው ሰውዬ ትናንት አመሻሽ ላይ እሳቸው በር ላይ ቆሞ ታይቷል። ረጅም አውርተዋል አሉ።»

የእቴቴ ወሽመጥ ተቆረጠ። ሚጣ እጇን ይዛ «ገና ምኑን አወቅን? ምክንያት ይኖራቸዋል» አለቻት።

«እኔ አውቄዋለሁ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ ይሄን ነገር! ቤቱን ፈልጌዋለሁ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ ይቅርታ፤ ሁሌም ያው ነው። እኚህ ግን መጥተው ፊቴን አይተው መናገር እንኳ ከበዳቸው።» ወዲያው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች። «ሄጄ ዓይናቸውን አየዋለሁ።»

ሚጣ ልታስቆማት ሞከረች፤ ስላልቻለች ተከተለቻት። ደላላውም ተከተለ፤ የሱም ጉዳይ ነው።

የጋሽ ፊደል ቤት በሩም የእንጨት መስኮቶቹም ዝግ ናቸው። አጠገቡ ባለችው ሱቅ የሚነግዱት ወይዘሮ የለስላሳ ሳጥን እየደረደሩ አገኟቸው።

«ጋሽ ፊደልን አይተዋቸዋል እማማ?» አለች ሚጣ።

«ኧረ ዛሬ ብቅ አላለም። ውል አለብኝ ሲል ስለነበር ማልዶ የወጣ መስሎኝ። ትናንት ከአንድ ሰውዬ ጋር ደጃፍ ላይ ሲነጋገሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

እቴቴ በሩን አንኳኳች። ዝም። በመዳፏ ደበደበችው። ዝም። ጆሮዋን ስታስጠጋ ግን ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ተሰማት፤ አንድ ሰው ስለ አየሩ ሁኔታ እያወራ ነው። ያኔ ደሟ ፈላ።

«ቤት ውስጥ ናቸው። ተደብቀውን ነው!»

«እቴቴ፣ ተረጋጊ።»

እቴቴ ግን ለዓመታት በየአከራዩ ፊት የዋጠችው ሁሉ ባንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና ወደ ተዘጋው መስኮት ጮኸች።

«ጋሼ! ሬዲዮውን ሰምቼዋለሁ! አባቴን የሚያክል ሰው ብዬ ያከበርኩዎት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! አልሸጥም ማለት መብትዎ ነው፤ ግን ወጥቶ መናገር ማንን ገደለ? ዕድሜ ልኩን ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው አንድ ቃል አጣ? ‹አልሸጥም› ለማለት ስንት ፊደል ይፈጃል? ደግሞ ቃሌ ይላሉ! ምን ዓይነት ቃል ነው ሬዲዮ ከፍቶ የሚደበቅ?»

በየመስኮቱ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። ፊት ለፊት ያለው አናጢ መጋዙን ይዞ ወጣ። እቴቴ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ስትል ሚጣ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«እቴቴ፣ ዝም በይ!»

በዕድሜዋ እንዲህ ብላት አታውቅም። እቴቴ ደንግጣ ዝም አለች። መንገዱም አብሮ ዝም አለ። ያኔ ተሰማ፤ ብረት በብረት ሲነካ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ። ኳ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ኳ። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

«ቧንቧውን ነው የሚመቱት» አለች ሚጣ። «ሰው ወድቋል።»

ደላላው አንድ ቃል ሳይናገር ሁለቱን ስልኮቹን ለአናጢው አስያዘና በሩን በትከሻው ገጨው። በሩ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገጨው። «ምሽግ ነው ያልኩት እኔው ነኝ፣ ይበለኝ» አለና ትከሻውን እያሻሸ ተመለሰ።

«በእኔ ጓሮ! በእኔ ጓሮ ኑ!» አሉ ባለሱቋ። ሮጠው ተከተሏቸው። የጓሮው አጥር ግንብ ነው፤ ሳጥኖቹን ደረደሩ፣ አልደረሰም። ደላላው አጥሩን ይዞ ጎንበስ አለ። ሚጣ ከነጫማዋ የተተኮሰ ኮቱ ላይ ወጣችና ግንቡን ዘላ የሎሚው ዛፍ ሥር ዱብ አለች። እቴቴ ተከተለቻት። ሰማያዊው ቀሚስ ከጉልበቷ ጀምሮ ሲቀደድ ሰማችው፤ ዞር ብላም አላየችው።

የማድ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ጋሽ ፊደል ፊት ለፊት ባለው ክፍል ወለል ላይ ተዘርግተዋል። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከረቫት አስረዋል። አጠገባቸው የተገለበጠ ወንበር አለ፣ የተሰበረ አምፖልም። በአንድ እጃቸው የቤቱን ቁልፍ ይዘዋል፤ ቧንቧውን ሲመቱ የነበረው በሱ ነው። አንድ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ተጠምዝዟል።

እቴቴ ልታነሣቸው እጇን ስትዘረጋ ሚጣ ጮኸች። «እንዳትነኪያቸው! ዳሌያቸው ነው የተሰበረው።» አሁን ታናሽ እህት አይደለችም፤ ነርስ ናት። ሬዲዮውን አጠፋች፣ የልብ ምታቸውን ያዘች፣ ጭንቅላታቸው መመታቱን አየች፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ደላላ አምቡላንስ እንዲጠራ ጮኻ ነገረችው። «ብርድ ልብስ አምጪ። ውሃ እንዳትሰጪያቸው፣ ቀዶ ጥገና ይገባሉ፤ ከንፈራቸውን ብቻ አርጥቢላቸው።»

እቴቴ መሬት ላይ ተቀምጣ በእርጥብ መሐረብ የሽማግሌውን ከንፈር አራሰች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ከደቂቃዎች በፊት ከዚያች አፍ የወጣው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ይጮኽባታል፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሽ ፊደል ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ቀጠሮው…» አሉ። «አረፈድኩባችሁ።»

«ኧረ ተዉት ጋሼ! እባክዎ ተዉት!»

«አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር። ጨለማ ቤት ላስረክባችሁ አፈርኩ።»

አምቡላንሱ እንደተፈራው መንገዱ አላስገባው አለ። እቴቴ ያን ቀን ስለ ሰፈሩ ያወቀችውን ነገር ማንም ደላላ ሊነግራት አይችልም ነበር። አናጢው አለ፣ ከላይኛው ቤት ሁለት ወንድማማቾች ወረዱ፣ አንዲት አስተማሪ ልጇን ለባለሱቋ ሰጥታ መጣች። ቃሬዛውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ሚጣ ፊት ፊት «ቀስ፣ ቀስ» እያለች፣ በዚያ ጎርባጣ ድንጋይ ላይ አንዴም ሳያናጉ እስከ ጥግ አደረሱት። ባለሱቋ ልጁን እንዳቀፉ ሱቃቸውን እንደተከፈተ ጥለው እስከ አምቡላንሱ በር ተከትለው ሄዱ።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ሐኪሙ ወጥቶ «ዕድለኛ ናቸው፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» ሲል እቴቴ «ተመስገን» አለች። በተቀደደ ቀሚሷ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ቤቱን ረስታዋለች። እውነትም ረስታዋለች፤ ያስታወሰችው በማግስቱ ነው፣ የሽማግሌውን ልጅ አልጋው አጠገብ ስታያት።

ርዕሰ መምህርቷ ረጅም፣ መነጽር ያደረገች፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ የመጣች ሴት ናት። እቴቴ ስለ ቤቱ አፏን ላለመክፈት ለራሷ ቃል ገብታ ነበር የሄደችው። ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ስለ ውል አይወራም። ግን ሌላም የከበዳት ነገር ነበር። አልጋው ጫፍ ቆማ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ትናንት በር ላይ ሆኜ ያልኩትን… ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ፊደል ከትራሱ ላይ አንገታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ አለ። «ምን ይቅር የሚባል ነገር አለው? ራሴን ስቼ ነበር እኮ። እንቅልፍ ይሁን ሞት እንጃ፣ ብቻ ደስ የሚል ነገር ውስጥ እየሰመጥኩ ነበር። በመሐሉ አንዲት ሴት ትሰድበኛለች። እንዴት ያለች ናት፣ በገዛ ቤቴ ብዬ ተናደድኩ። ተናድጄ ነቃሁ። ባትሰድቢኝ ኖሮ ቁልፉን ከኪሴ አላወጣም ነበር።» ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። «ደግሞ አምስት ፊደል ነው። ‹አልሸጥም›፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ሚጣ ሳቋ አመለጣት። እቴቴ ግን እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

«ሰውዬውንም በር ላይ አቁሜ ያዋራሁት እንዳይገባብኝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቤቱ ተሽጧል አልኩት። አልሰማ ሲል ደጋግሜ ነገርኩት።»

የእቴቴ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን ልጃቸው «ኮሪደር ላይ ላነጋግራችሁ» አለቻቸውና ሦስቱ ወጡ።

«አባቴን ስላተረፋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ርዕሰ መምህርቷ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሻሸች። «ስለ ቤቱ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ሐኪሙ ለወራት ደረጃ አይታሰብም ብሎኛል። ምድር ላይ ያለ ቤት እስካገኝ አባቴን የትም መውሰድ አልችልም። እንዴት አድርጌ ቤቱን ልሽጥበት?»

እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። ልክ ናት። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀል ነበር፤ መቆጣት ይቻላል። ልክ የሆነን ሰው ምን ይሉታል? በዓይነ ሕሊናዋ እቃቸው በካርቶን ታስሮ መንገድ ላይ ታያት።

«ታች ያለችው የኋለኛዋ ክፍል አለች እኮ» አለች ሚጣ በድንገት። «ደረጃ የላትም። እዚያ ይተኙ፤ እኔ ቁስላቸውን አያለሁ፣ እንቅስቃሴም አሠራቸዋለሁ። እርስዎ ቤት እስኪያገኙ።»

እቴቴ የእህቷን እጅጌ ይዛ እስከ መስኮቱ ጎተተቻት። «ሚጣ፣ ቤት ነው የምንገዛው ወይስ ሰው?» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ ሥራ ትሄጃለሽ። እኔ በአንድ እጄ ፀጉር፣ በሌላው ሽማግሌ ልይዝ ነው?»

«አንቺ ፎጣ እያጠብሽ እኔን አላሳደግሽም?»

እቴቴ የእህቷን እጅጌ ለቀቀች። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ተመለሰች።

ርዕሰ መምህርቷ በጥርጣሬ ነበር የምታያቸው፤ የዘመናት የትምህርት ቤት ልምድ ያለው ጥርጣሬ። «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች በቀጥታ።

«ቤቱን» አለች እቴቴ። «ሌላ ምን እንፈልጋለን? ቤቱን በውላችን መሠረት ከፍለን እንገዛለን፤ ከዚያ ላይ የምንቀንሰው ነገር የለም። እሳቸው ደግሞ እስኪድኑ እንግዳችን ናቸው። እንግዳ የሚቀበለው ደግሞ ቤት ያለው ሰው ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ኖሮኝ አያውቅም።»

ርዕሰ መምህርቷ ስታስበው ዋለች፤ ማታ ላይ አባቷን ጠየቀቻቸው። እሳቸው «ግድግዳው ክረምት ላይ ላብ እንደሚያወጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ እያወቁ ነው የገዙት፣ እኔንም እያወቁ ይግዙኝ» አሏት። ከጥቂት ቀን በኋላ ከውል ቢሮው አንድ ሠራተኛ ማኅተሙን ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ጋሽ ፊደል አልጋቸው ላይ ቀና ተደርገው ውሉን ከፈረሙ በኋላ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«እዚህ ጋ ፊደል ተገድፏል» አሉ ሠራተኛውን። ሠራተኛው ደነገጠ። «ግድ የለም፣ ሕጉን አይለውጠውም» አሉት።

እቴቴና ሚጣ እቃቸውን ያስገቡት አዲሶቹ ተከራዮች ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ሰፈሩ ለመሸከም ወጣ፤ ማንም አልጠራውም። አናጢው መደርደሪያ ሠራ፣ ደላላው የመስታወቱን አንድ ጫፍ ይዞ ገባ። «በር ለመስበር የሞከርኩት በነፃ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «መስታወት መሸከም ግን ኮሚሽን አለው።» እቴቴ ፀጉሩን በነፃ ልትቆርጥለት ቃል ገባችለት።

ጋሽ ፊደል ከሆስፒታል ሲወጡ የኋለኛዋ ክፍል ተዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። መጀመሪያ ሰሞን ቀላል አልነበረም። ሽማግሌው በሴት እጅ መደገፍ ያፍራሉ፤ ሲያማቸው አይናገሩም፣ ይነጫነጫሉ። እቴቴም ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጣ ከጓዳ ሲጠሯት ጥርሷን ትነክሳለች። አንድ ቀን ሾርባው ጨው በዛበት፣ አልበዛበትም ተባብለው ቀኑን ሙሉ ተኳረፉ። ሚጣ ከሥራ ስትመጣ ሁለቱንም እንደ ሕፃን ተቆጣቻቸው። ቀስ በቀስ ግን ተለማመዱ። ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ይዘው ከክፍላቸው እስከ ፀጉር ቤቱ መምጣት ሲጀምሩ ሴቶቹ ወደዷቸው። ካስክ ሥር ለተቀመጠችው ጋዜጣ ያነቡላታል፤ አንባቢውም ተቺውም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በየሳምንቱ መጨረሻ እየመጣች ታያቸዋለች። ምድር ላይ ያለ ቤት ማግኘቷን፣ ዝናቡ ሲያበቃ እንደምትወስዳቸው የነገረቻቸው ቀን ጋሽ ፊደል ደስ አላቸው፤ እቴቴም ደስ አላት፣ ደግሞ ሆዷ ባባ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲያጉረመርም፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። እቴቴ ትንሽ ልረፍ ብላ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩ እንደተከፈተ ነው። ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ሲጀምር ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። በኪራይ ቤት እያለች ቀን እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም፤ ማን እንደሚያንኳኳና ምን ሊላት እንደሚመጣ እያሰበች ነበር የምትኖረው።

ባለሱቋ ፀጉራቸውን ሊታጠቡ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ጋሽ ፊደል ከጥጉ ወንበራቸው ሆነው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ባለሱቋ አዩና ገባቸው። ጃንጥላውን በቀስታ ዘግተው፣ ኮቴያቸውን አጥፍተው ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ትተኛ» አሉ በሹክሹክታ። «አልቸኮልኩም።»

ዝናቡ እየበረታ ሄደ። እቴቴ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እጆቿን በጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ለጥ ብላ ተኝታለች።